ድራግ ራዲያል ጎማ በህዝብ መንገድ ላይ ይከልከል ወይስ ለሹፌሩ ይተው?

ማርሽ 6 (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ወገን። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሙስታንግ ጂቲ አለኝ፣ ከሰኞ እስከ አርብ በ495 (ዋሽንግተንን በሚዞረው ሀይዌይ፣ ቤልትዌይ በሚባለው) አሌክሳንድሪያ ስራ እመላለስበታለሁ፣ ማታ ማታ ሲመቸኝ ደግሞ በድስ ክሪክ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ወስጄ ሩብ ማይል እሮጥበታለሁ፣ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጎማ ምከሩኝ ብሎ ጠይቆ ነበር። ግማሹ ሰው ድራግ ራዲያል ግጠምና ተገላገል አለው፣ ግማሹ ደግሞ እንደዚህ አይነት ጎማ ጭራሽ በህዝብ መንገድ ላይ በህግ መከልከል አለበት አለ፣ ከዛ ስድብ ገባበትና ተበተነ። ዛሬ በስርአት እናውራው። ለማያውቅ ሰው፣ ድራግ ራዲያል ማለት ሊሾ (ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጎማ) ለመሆን ትንሽ የቀረው፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ አስፋልቱን ነክሶ እንዲይዝ የተሰራ ጎማ ነው፣ ጎኑ ላይ ግን የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት) ማህተም ስላለው መንገድ ላይ ብትነዳበት ማንም አይከስህም። ይከልከል ወይስ ይተው? ምክንያታችሁን ጻፉ።

የቤልትዌይ ሹፌር፦
እኔ ይከልከል ባይ ነኝ ልጆቼ። መኪና እየነዳሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ መጀመሪያ ታክሲ አሁን ኡበር። ዝናብ ሲጥል ቤልትዌይ ላይ ከፊቴ ያለ መኪና ቂጡን ጥሎ ሲሾር በአይኔ አይቻለሁ፣ ሶስት መስመር አቋርጦ ነው ግንቡ ላይ ያረፈው። እኔ ጎማዬን በጊዜው ብቀይር ምን ይጠቅመኛል፣ ከጎኔ ያለው ሊሾ ገጥሞ ከመጣ? የሱ ምርጫ እኔና ተሳፋሪዬ ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞ በዚህ አገር የመንገድ ሩጫ ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ፣ በ2008 ፌብሩዋሪ እዚሁ ሜሪላንድ አኮኪክ ኢንዲያን ሄድ ሀይዌይ ላይ ሌሊት ሩጫ ሊያዩ የቆሙ ሰዎች መሀል መኪና ገብቶ 8 ሰው ሞቷል። ለሩጫ የተሰራ ነገር ሩጫው ቦታ ይቅር።

ፈረስ ጉልበት፦
ጋሼ አክብሬዎት ነው፣ ግን የአኮኪኩን ሀዘን እዚህ ማምጣት ልክ አይመስለኝም። እዛ ሰው የሞተው በጎማ አይነት ሳይሆን ሌሊት ሀይዌይ ላይ ተሩጦ፣ ህዝቡም ጨለማ ውስጥ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ስለነበር ነው። የዛ መድሀኒቱ ልጆቹን ወደ ትራክ መውሰድ ነው። አሁን ድራግ ራዲያል ከለከልክ እንበል፣ ትራክ መሄድ የሚፈልግ ልጅ መኪናውን ጭኖ የሚወስድበት ትሬለርና ፒካፕ ከየት ያመጣል? ስንቱ ሀበሻ ነው ያ አቅም ያለው? በዛው ጎማ ነድቶ ሄዶ፣ ሮጦ፣ በዛው ነድቶ መመለስ የሚችልበትን መንገድ ስትዘጋበት ትራኩን ይተወውና እቤቱ አጠገብ ይሮጣል፣ የፈራችሁት እሱ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ ጎማ ማጨስና መሾር እንደሆነ ሜሪላንድ በ2024 ለብቻው ህግ አውጥታበታለች፣ እስርም መንጃ ፈቃድህ ላይ የሚያዝ ፖይንትም አለው። ጥፋቱ ህግ አለው፣ እቃውን መቅጣት ለምን ያስፈልጋል?

ሌላው፣ ዶጅ ራሱ ለድራግ ሩጫ የሰራውን የ2018 ዲመን መኪና ከፋብሪካ ያወጣው ኒቶ የሚባል ድራግ ራዲያል ገጥሞ ነው፣ የ2023ቱ ዲመን 170 ደግሞ ሚኪ ቶምሰን ኢቲ ስትሪት አር ገጥሞ ነው የመጣው። ሰሌዳ ለጥፈህ ከሻጩ ግቢ ነድተህ ትወጣለህ። ትልቅ ኩባንያ ከነዋስትናው የሸጠውን አንተ እኔን በምን ትከለክለኛለህ?

ጎሚስታው፦
ቀኑን ሙሉ ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው ስለዚ የማውቀውን ልናገር፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

የዲመኑ ነገር እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። የዲመን 170 ገዢ መኪናውን ሳይረከብ ስለ አደጋው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ይፈርማል። ፋብሪካው ጎማው ለሁሉም መንገድ ይሆናል ብሎ ቢያምን ኖሮ አያስፈርምህም ነበር።

ሁለተኛ ዲኦቲ ዲኦቲ ትላላችሁ፣ ብዙ ሰው መንግስት ጎማውን ፈትኖ ያጸደቀው ይመስለዋል። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መስፈርቱን አሟልቻለሁ ብሎ ማህተሙን የሚያትመው ፋብሪካው ራሱ ነው፣ መስፈርቱ ደግሞ የሚያየው በፍጥነት ሲሮጥ ይበጣጠሳል ወይ፣ ጭነትና ሙቀት ለብዙ ሰአት ይችላል ወይ፣ ከቸርኬው ይወልቃል ወይ የሚለውን ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ይይዛል ወይ የሚል ፈተና እዛ ውስጥ የለም። ስለ እርጥብ የሚያወራው ጎኑ ላይ ትራክሽን ተብሎ በደብል ኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሰጠው ነጥብ ነው፣ እሱም ቢሆን ጎማው ተቆልፎ በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ሲጎተት ነው የሚለካው፣ ውሃ ተኝቶ ሲጠብቅህ ወይም ኩርባ ላይ ምን እንደሚደርስብህ አይነግርህም። ትሬድዌር የሚባለው ደግሞ ቴክሳስ ሳን አንጀሎ አካባቢ 7,200 ማይል ተነድቶ ከመለኪያ ጎማ ጋር የሚነጻጸር የማለቅ ቁጥር ነው፣ መለኪያው 100 ነው። የቤተሰብ መኪና ጎማ 500፣ 600 ሲል ድራግ ራዲያሉ ላይ 100 ወይ ጭራሽ 00 ታነባለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትራክ ላይ የኋላውን አየር ወደ 18 ፒኤስአይ ገደማ ታወርደዋለህ፣ ጎኑ እንዲሸበሸብና አስፋልቱን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ። ጥንቁቅ ሰው ጨርሶ ሲወጣ መልሶ ይሞላዋል። ግን ከምሽቱ 5 ሰአት ሆኖ ደክሞህ፣ ነገ ስራ አለብህ፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ስቀዳ እሞላዋለሁ ብለህ ትነሳለህ፣ ያኔ ዝናብ ይጀምራል። ናሳ ለአውሮፕላን ጎማ ያወጣው ሂሳብ አለ፣ የአየር ግፊቱን ስኩዌር ሩት በ10.35 ስታባዛው ጥርስ የሌለው ጎማ በተኛ ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በማይል ይወጣልሃል። ግምት ነው፣ ግን ለሊሾ ነገር ቅርብ ነው። በ32 ፒኤስአይ ስትሰራው 59 ማይል ገደማ፣ በ18 ደግሞ 44። ቤልትዌይ ላይ በ44 የሚሄድ ማን አለ? ጋሼ ያዩት መኪና ቂጡን የጣለው በምን እንደሆነ ባላውቅም፣ በዚህ አይነት ጎማ ግን እንደዛ ነው የሚሆነው፣ መጀመሪያ የሚለቀው የኋላው ነው ምክንያቱም ሰው ድራግ ራዲያል የሚገጥመው ኋላ ላይ ነው፣ ፊት ያለው ጥርስ ያለው ጎማ ውሃውን እየቆረጠ ይይዛል፣ ኋላው ይንሳፈፋል። ኋላ ሲለቅ ደግሞ መሪ ይዘህ የምትመልሰው ነገር አይደለም።

ብርዱም አለ። ለስላሳ ላስቲክ ከ40 ፋራናይት በታች ይደርቃል፣ እኛ አካባቢ ኖቬምበር ጠዋት ማለት ነው።

ፈረስ ጉልበት፦
ጎሚስታው ያልከውን አልክድም፣ ግን ሁሉንም ድራግ ራዲያል አንድ ላይ አትክተተው። የሚኪ ቶምሰኑ ኢቲ ስትሪት ኤስኤስ ላይ ውሃ የሚያወጣ ቦይ አለው፣ ኢቲ ስትሪት አር ማለት ግን ሁለት ጭረት ያለው ሊሾ ነው። አንዱን ከሌላው ሳይለይ ይከልከል የሚል ህግ ነው እኔን የሚያናድደኝ። አየር ሳይሞላ የሚነዳ ሰው እንደሆነ በተራ ጎማም ያው ነው።

ጎሚስታው፦
ቦዩን አልካድኩም። አዲስ ሆኖ ነው ግን። ድራግ ራዲያል ገና ከሱቅ ሲወጣ ጥርሱ ከመደበኛው ያጠረ ነው፣ በላዩ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ደግሞ እየጋለ እየበረደ በሄደ ቁጥር ላስቲኩ ይጠነክራል። ጥርሱ ገና አለ ብለህ የምትነዳበት ጎማ መያዙን ከተወ ቆይቷል። ሱቅ የሚመጡ ልጆች ሲያመጡት መሀሉ ሊሾ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ጥርስ ቀርቶለት ነው፣ ኧረ ይሄ አበቃለት ስላቸው ለሁለት ሳምንት ብቻ ይሉኛል።

ፍራንክፈርት፦
ከዚህ ማዶ ልግባ። ጀርመን የኢ ማርክ (የአውሮፓ ማረጋገጫ ምልክት) የሌለው ጎማ ገጥመህ መንገድ ላይ መውጣት አትችልም፣ አውሮፓ ደግሞ ከዲኦቲ በተለየ እርጥብ ላይ መያዙንም ይፈትናል፣ ከ2012 ጀምሮ ጎማ ስትገዛ የእርጥቡ ነጥብ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ነው የምታየው። ግን እኔ ላነሳ የፈለግኩት የክረምት ጎማውን ህግ ነው። እዚህ ከ2010 ወዲህ መንገዱ ላይ በረዶ ወይ ብርድ የሰራው ግግር ካለ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አይልም። ጃንዋሪ ውስጥ መንገዱ ደረቅ ከሆነ በበጋ ጎማ ብትሄድ ህግ አልጣስክም። በረዶ ሲኖር በበጋ ጎማ ከተገኘህ ግን ትቀጣለህ፣ መንገድ ከዘጋህ ይብሳል። ለምን ድራግ ራዲያሉንም እንደዛ አታዩትም? ጎማው አይከልከል፣ በዝናብ ይዞት የወጣ ይቀጣ።

የቤልትዌይ ሹፌር፦
ይሄ ሀሳብ ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን ማን ነው የሚያየው? ቨርጂንያ በየአመቱ ኢንስፔክሽን አለ፣ እኛ ሜሪላንድ ግን ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ካልሆነ ማንም ጎማህን ጎንበስ ብሎ አያይም። ዝናብ ላይ ፖሊስ አስቁሞ የጎማ ስም ሊያነብ ነው? የሚያየው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ለሞተው ሰው ምን ይጠቅመዋል።

ፍራንክፈርት፦
ልክ ነዎት ጋሼ፣ እዚህም ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአደጋ በኋላ ነው። ግን ሰው አስቀድሞ ሲያውቅ ኢንሹራንሱን ስለሚፈራ ይቀይራል። ህጉ መኖሩ ራሱ ልማድ ያመጣል።

አቡዳቢ ነኝ፦
እኔ ያለሁበት ያስ ማሪና ድራግ ትራክ አለ፣ ህዝቡ በራሱ መኪና ነድቶ መጥቶ ይሮጣል፣ ድራግ ራዲያል አመቱን ሙሉ ገጥሞ የሚውል ብዙ ነው፣ አስፋልቱ ደረቅና ሙቅ ስለሆነ ችግር የለም። ስለዚ አንድ ህግ ለሁሉም አገር አይሰራም። ግን እኛም ጋ ቢሆን ኤፕሪል 2024 የጣለውን ዝናብ አስታውሱ፣ አል አይን አካባቢ በአንድ ቀን ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ነው የወረደው፣ በዛን ቀን ተራ ጎማ የገጠመውም ተቸግሯል፣ ሊሾ የገጠመውማ ከቤቱ ባይወጣ ነው የሚሻለው።

የሱባሩዋ እናት፦
ወንድሞቼ የሁላችሁም ክርክር በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ሆነ። እኔ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ነው የምነዳው፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርስበታለሁ፣ ትራክም እወስደዋለሁ። አራቱም ጎማ የሚነዳው መኪና ላይ ሁለት ድራግ ራዲያል ኋላ፣ ሁለት ተራ ጎማ ፊት ማድረግ አይቻልም፣ የጎማው ዙሪያ ከተለያየ መሀሉ ያለው ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ሳያርፍ እየሰራ ይቃጠላል። ስለዚ አራት መግዛት ነው። እኔ ያንን ሁሉ ትቼ በደህና የበጋ ጎማ ነው የምሮጠው። እውነቱን ለመናገር 14 ሰከንድ አካባቢ ለምትሮጥ መኪና የተዘጋጀ ትራክ ላይ ያለው ማጣበቂያ ራሱ ይበቃታል፣ መነሻውን መማር ይቀድማል። በተራ ጎማ ስትሄዱ ደግሞ እባካችሁ ውሃው ሳጥን (ከመነሻው በፊት ሊሾ የገጠሙት ጎማቸውን የሚያርሱበት ቦታ) ውስጥ አትግቡ፣ ዞራችሁ እለፉ፣ በጥርሱ ውሃ ተሸክማችሁ መነሻው ላይ ታፈሱትና ከኋላ የሚመጣው ሰው ይንሸራተታል። 13.99 ሰከንድ ወይም ከዛ በታች ከሮጣችሁ ሄልሜት ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ ይመልሷችኋል።

ስለ ህጉ ከጠየቃችሁኝ እኔ ከፍራንክፈርቱ ጋር ነኝ።

ፈረስ ጉልበት፦
እህቴ ስለ መነሻው ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን ድራግ ራዲያል ገጥሞ ይመጣና ጎማው በጣም ሲይዝለት ጉልበቱ መሄጃ ያጣል፣ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ (አክስል) ይሰብራል። ተራ ጎማ ሲሾር ትርፉን ጉልበት ይጥልልሃል።

እና እሺ፣ በዝናብ ይቀጣ በሚለው እስማማለሁ። ሙሉ ለሙሉ ይከልከል የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው እቃወማለሁ።

ማርሽ 6፦
የኔን ልበል። ጎማውን መከልከል ትራክ የሚሄደውን ልጅ መልሶ መንገድ ላይ ይጥለዋል፣ ፈረስ ጉልበት እዛ ላይ ትክክል ነው። ግን አንድ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል የሚለውን ምክር እዚህ ለማንም ባንሰጥ ደስ ይለኛል፣ በተለይ ሙስታንጉ ልጅ በየቀኑ 495 ላይ ነው፣ ጠዋት ደርቆ የወጣበት መንገድ ማታ ውሃ ነው። ሁለት ያገለገለ ቸርኬ ፈልጎ ድራግ ራዲያሉን እዛ ላይ ይግጠም፣ የኋላውን ወንበር አጥፎ ጭኗቸው ይሂድ፣ ትራኩ ላይ በክሪክ አንስቶ ይቀይር፣ ሲጨርስ በመደበኛው ጎማ ወደ ቤቱ ይመለስ። ትሬለር አያስፈልገውም፣ የመንገድ ጎማውም ቶሎ አያልቅበትም። ጎሚስታው እዚህ ላይ ምን ይጨመር?

ጎሚስታው፦
ቸርኬ ከመግዛቱ በፊት የፍሬኑ ካሊፐር ውስጡ መግባቱን ያረጋግጥ፣ 17 ወይም 15 የሚሉ ቸርኬዎች በትልቅ ፍሬን ላይ አይገቡም፣ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቀው። ባያስ ፕላይ የሚባለውን (ውስጡ ያለው ክር በሰያፍ የተጠላለፈ) ሊሾ ኋላ አድርጎ ፊት ራዲያል አይተው፣ ፍጥነት ሲጨምር መኪናው ግራ ቀኝ ይዋኛል። ዳዶዎቹን በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ መለኪያ ያጥብቅ፣ ትንሽ ነድቶ ቆሞ ደግሞ ይያቸው። ትንሿን ኮምፕሬሰርና የአየር መለኪያዋን ትራንኩ ውስጥ ያስቀምጥ። ልጁ እያነበበ ከሆነ የመኪናውን አመተ ምህረትና ፐርፎርማንስ ፓክ (ትልቁን ፍሬን የያዘው ተጨማሪ ጥቅል) ያለው መሆኑን ይጻፍልኝ፣ የሚሆነውን የቸርኬ ቁጥር እነግረዋለሁ።