ቁም ሳጥኔ ሞልቶ የምለብሰው አጣሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ? ልብሴ ብዛቱ ቁም ሳጥኑ አልዘጋ እስኪል ነው፣ ግን ጠዋት ጠዋት የምለብሰው የለኝም። ሳቁብኝ፣ ብቻ እርዱኝ።

ወንድ ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ለሥራ በየወሩ ሰመራ እወርዳለሁ። እዚህ ኅዳር ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ 6 ሰዓት ሲሆን ያው ወፍራም ጃኬት ክንዴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ክረምቱማ ሌላ ጣጣ ነው፣ ጂንስ አንዴ ከራሰ መቼ ሊደርቅ! ደግሞ እኛ ሰኔ ላይ በዝናብ ስንንዘፈዘፍ ሰመራ ከ40 ዲግሪ በላይ ይነድዳል፣ ባለፈው ፖሊስተር ሸሚዝ ለብሼ ሄጄ ከነሕይወቴ የተቀቀልኩ ነው የመሰለኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሰልባጅ ተራ ረከሰ ያሉኝን ሁሉ ስሰበስብ ኖሬ አሁን አንዱ ከአንዱ አይሄድም። ቀይ ሱሪ ሁሉ አለኝ (አትጠይቁኝ)።

አሁን ግማሹን ሰጥቼ ትንሽ ግን እርስ በርሱ የሚገጥም ልብስ ልይዝ አስቤያለሁ። ወፍራሙን ጃኬት ትቼ ስስ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ቀላል ጃኬት ብደራርብ ያዋጣል? ለሰመራው ጥጥ ይሻላል ወይስ ሊኖ (ሊነን፣ ከተልባ ተክል የሚሠራው ጨርቅ)? ቀለሙንስ ከጥቁርና ከግራጫ ውጪ ምን ላድርግ? ባጀቴ ጠባብ ነው፣ በየወሩ አንድ ዕቃ ብቻ ነው መግዛት የምችለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የቱን ልግዛ?