ዕድሜዬን እንደደበቅኩ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በተከታታይ ድራማዎች ላይ እየተወንኩ የምተዳደር የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ቀረጻ ስመዘገብ ያገናኘኝ ሰው «24 ብለሽ ሙይ፤ 30 የሞላት ሴት ወይ እናት ናት ወይ ጎረቤት» አለኝ፤ እኔም ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ያ ዕድሜ ተከተለኝ፤ የስምንት ዓመት ልጄም በባልደረቦቼ ዘንድ «ታናሽ እህቴ» ሆና ቀረች። ባለፈው ወር ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ባለው ሜዳ ስንቀርጽ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታኝ «እማዬ!» ብላ ተጣራች። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቻት ጽሑፍ የማጠና መሰልኩ። ደግማ አልጠራችኝም። ማታ እራት ላይ «ሥራ ስትሆኚ ምን ብዬ ልጥራሽ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። አሁን ከፍ ያለ ሚና ያለው ውል ቀርቦልኛል፤ በዚያው ዕድሜ ልፈርም ወይስ እውነቱን ልናገር?

መልስ፦ ከለገጣፎ
እህቴ፣ ተዋንያንን በማስዋብ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነኝ። ሜካፕ ፊትን ያድሳል፤ አንገትና እጅ ግን ካሜራው ሲቀርብ ዕድሜን ይናገራሉ። ከዚያም በላይ ዕድሜሽን ስትቀንሺ የምትወዳደሪው ከ20 ዓመት ልጆች ጋር ነው፤ ኑሮ የቀመሰች የ30 ዓመት ሴት ሆና የምትጫወት ግን ሲፈለግ አትገኝም። አባባ ተስፋዬ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር 40 ዓመት አልፏቸው ነበር፤ «አባባ» የተባሉበት ዕድሜ ራሱ መጠሪያቸው ሆነ። ለሴት እንዲህ እንደማይቀል አውቃለሁ፤ ለወንድ ሽበቱ ግርማ ሲባልለት ለእኛ ማርጀት ይባላል፤ ይህም ያስቆጣኛል። ቢሆንም ልጅሽ ስትጠራሽ ዞር እንዳትዪ የሚከለክልሽ ሥራ ዋጋው በዛብሽ።

መልስ፦ ከገላን
እኔ የምናገረው ስለ ውሉ ብቻ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የትውልድ ቀንዎን ይዟል፤ ክፍያዎ በባንክ ሲያልፍና ውሉ መታወቂያ ሲጠይቅ ሁለቱ ዕድሜዎች መጋጨታቸው አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ አንደኛው ወገን በተንኮል ባይታለል ኖሮ የማይገባበት ውል ከሆነ፣ ውሉ እንዲፈርስ ለመጠየቅ ለተታለለው መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የትውልድ ዘመንዎን በትክክል ይጻፉ፤ ከጎኑም «ልጫወተው የምችለው ዕድሜ ከ25 እስከ 38» ብለው ያስቀምጡ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ተዋናይ የሚቀጠረው ሌላ ሰው ለመሆን ነውና። ደግሞም ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆች በግልጽ ይጻፍ፤ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ ከሰበታ
በእኔ ቤት የሆነው ግልባጩ ነው። የ16 ዓመት ልጄን ለሙዚቃ ቪዲዮ ሲወስዱት «18 ነው በሉ» አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ እነርሱ የፈለጉት ግን ሌሊቱን ነበር። እምቢ አልኩ፤ ልጄ እስካሁን አኩርፎኛል።

ጠያቂዋ
እትዬ፣ ወንድሜ፣ የሰበታዋም እናት፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ውሉን ለመነጋገር እሄዳለሁ፤ መታወቂያዬንም ልጄንም ይዤ። ምን ብላ እንደምትጠራኝ ዛሬ ማታ ነግሬያታለሁ።