የአትክልት አልጫ በጾም ወቅት በቂ ምግብ ይሆናልን?

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ለቤተሰቤ አዘውትሬ የማቀርበው በእርድ የተሠራ የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የድንች አልጫ ነው። ልጆቼ ስለሚወዱት ደስ ቢለኝም፣ ለረጅም ሰዓት ስለማበስለው ቫይታሚኑ ጠፍቶ ሆድ መሙያ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። እውቀቱ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ስጋትዎ በከፊል እውነት ነው። በ100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን ውስጥ 36 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይገኛል፤ ይህ ቫይታሚን በሙቀት ከመጉደሉም በላይ በውኃ ስለሚሟሟ፣ ጎመኑን ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ያባብሰዋል። የካሮቱ ነገር ግን የተለየ ነው። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ከጥሬ ካሮት ይልቅ በዘይት ከበሰለው በተሻለ ሁኔታ ስለሚወሰድ፣ አልጫው በዚህ ረገድ ከሰላጣ ይበልጣል። ስለዚህ ካሮቱንና ድንቹን ያስቀድሙ፤ ጎመኑን ወደ መጨረሻው ይጨምሩት።

መልስ፦ ዘይቱም ይለካ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን ወደ 120 ኪሎካሎሪ ይሰጣል።

መልስ፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፕሮቲኑ ነው። ሦስቱም አትክልቶች ጥቂት ፕሮቲን ብቻ ስላላቸው፣ በተለይ በማደግ ላይ ላሉ ልጆች አልጫው ብቻውን አይበቃም፤ ከጎኑ ምስር ወጥ ወይም ሽሮ ሊቀርብ ይገባል። በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ቫይታሚን ሲ ካለው ምግብ ጋር ሲበላ በተሻለ ስለሚወሰድ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ አብሮ ቢቀርብ መልካም ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ እጨምር ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ጎመኑን አዘገያለሁ፣ ምስሩንም አላስቀርም።