አይን እያዩ ማውራት እንዴት ይለመዳል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። አሜሪካ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ቋንቋው አላስቸገረኝም፤ የከበደኝ ያለ ቃል የሚነገረው ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፋ ማድረግ ጨዋነት ነው። እዚህ አለቃዬ «የደበቅሽኝ ነገር አለ?» ትለኛለች።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቤ «አዎ» የምለው ነገር ነው። አንዲት እናት «ዛሬ ልጄ ትመጣለች?» ሲሉኝ እንደዚያ መለስኩላቸው። ክው አሉ! ልጃቸው አንድ ነገር የሆነች መስሏቸው እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። አንጀቴን በሉት።

አይን ማየቱን ቀስ በቀስ እለምደው ይሆናል። ትንፋሹ ግን ሳላስበው ነው የሚመጣው። ከታማሚ ጋር የምትሠሩ፣ በምን ተካችሁት? ለአለቃዬስ ቁጭ ብዬ ባህላችንን ላስረዳት ወይስ ዝም ብዬ ልልመድ? የሥራ ግምገማዬ ስለደረሰ ቶሎ መልሱልኝ።