ስኳር ያለባት ድመቴ እያስመለሳት ነው፤ መርፌዋን ልስጣት?

የቡላ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ድመቴ ቡላ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን እወጋታለሁ። ዛሬ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አራቴ አስመለሳት። መጀመሪያ ምግቡ ወጣ፣ ከዚያ ቢጫ አረፋ ብቻ። ቱናውን አሽትታ ዞር አለች። የመርፌዋ ሰዓት ደርሷል። ልስጣት ወይስ ልተወው? እሁድ ስለሆነ ሐኪሟ ዝግ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስደውል ደግሞ ገና ሳያዩአት ማስያዣ አሉኝ፤ የኪራዬን ግማሽ ያህላል።

ቡና ጠጡ፦ ትናንት ቄጤማ ጎዝጉዘሽ ነበር? የኔዋ ሳር ከበላች ሁሌም ታስመልሳለች።

እንስሳት ክሊኒክ የምሠራው፦ ቄጤማውን ተዉት። እህቴ፣ ካልበላች ሙሉውን መጠን እንዳትወጊያት፤ ስኳሯ ሊወርድባት ይችላል። በራስሽ እንዳታቆሚውም። ኢንሱሊን ሲያንሳት ሰውነቷ ስብ ማቃጠል ይጀምርና ደሟ ውስጥ ኪቶን የሚባል አሲድ ይጠራቀማል፤ ያ ራሱ ያስመልሳል፣ ይገድላልም። መጠኑን ድንገተኛ ክፍሉን በስልክ ጠይቂ። ከተንቀጠቀጠች ወይም ከተንገዳገደች ድዷን ማር ቀብተሽ ሩጪ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የመርፌው ክዳን ቀለሙ ምንድን ነው?

ጋሼ ክሬዲት፦ ስለ ማስያዣው ልንገርሽ። የእንስሳት ኢንሹራንስ አሁን ብትገቢ ነባር በሽታ አይሸፍንልሽም። የሕክምና ክሬዲት ካርድ ይሰጡሻል፤ «ስድስት ወር ያለ ወለድ» ይላል። በስድስተኛው ወር አሥር ዶላር ብትቀርብሽ ግን ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይቆልሉብሻል። እኔ በጥርሴ ሕክምና ተምሬያለሁ።

የጎንደሩ፦ ወይ ጉድ! እናቴ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሸክላ ውስጥ ነው የምታኖረው። እኛ እዚህ ለድመት የኪራይ ግማሽ። አገር ቤት ድመት ለአይጥ ነበር።

የቡላ እናት፦ ክዳኑ ብርቱካንማ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀዩ አልቆብኝ ከእማዬ ወሰድኩ።

ሌሊት ሠሪዋ፦ የጎንደሩ፣ ድመቷ ብትሞት ለእናትህ ኢንሱሊን ይደርሳታል? ከሥራ ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ ፍጥረት ድመቴ ብቻ ናት። አንተ ሚስትና ልጆች አሉህ።

የጎንደሩ፦ እኔም በየወሩ እልካለሁ፤ ማን ይቁጠርልኝ?

ጋሼ ክሬዲት፦ ስድብ አይግባ። ወንድሜ፣ ኢንሱሊን በሰው ከላክህ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ታች ከተጫነ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም።

እንስሳት ክሊኒክ የምሠራው፦ ኧረ ስሙኝ! የቡላ እናት፣ የድመቷ ኢንሱሊን ዩ-40 (በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው) ከሆነ ቀይ ክዳን ነው የሚፈልገው። ብርቱካንማው ባለ 100 ዩኒቱ የዩ-100 ነው። ሁለት ብለሽ ስትቀጂ አንድ እንኳን አልሞላም። ሳምንቱን ሙሉ ኢንሱሊን ተርባ ነው የከረመችው። መርፌውንም ጠርሙሱንም ይዘሽ አሁኑኑ ውሰጃት። ማስያዣውን ለመክፈል ጊዜ ይሰጡሽ እንደሆነ እዚያው ጠይቂ።

የቡላ እናት፦ ፎጣ ጠቅልያት መኪና ውስጥ ነን። አፏ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፤ ያ ኪቶን ይሆን?

ሌሊት ሠሪዋ፦ በማርያም ቶሎ ንጂ!

የጎንደሩ፦ እግዜር ይማራት፣ ክፉ አላሰብኩም። እስቲ በዚህ ወር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው አለ? በእጅ ሻንጣ።

እንስሳት ክሊኒክ የምሠራው፦ የቡላ እናት፣ ደረሳችሁ?

ቡና ጠጡ፦ የኔ እህት መስከረም ላይ ትሄዳለች።