ጥቆማ፦ የባለሙያዎች ጎልፍ የሚሻለው ኳሱ ቢገደብ ነው ወይስ ሜዳው ቢከብድ?

የባለሙያ ጎልፈኞች ምት ከዓመት ዓመት እየረዘመ በመምጣቱ ሜዳውን ማስረዘም፣ ከመጫወቻው መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ሣር ማሳደግ ወይም ኳሱ ብዙ እንዳይርቅ መገደብ የሚሉ ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ። ሦስቱን አነጻጽሬ የምመርጠው ኳሱን መገደብን ነው።

ማስረዘምን ለማንም አልመክርም። የማስተርስ ውድድር የሚካሄድበት የአሜሪካው ሜዳ ኦገስታ ናሽናል እ.ኤ.አ. በ1997 ታይገር ዉድስ ሲያሸንፍበት 6925 ያርድ (አንድ ያርድ 0.91 ሜትር ገደማ ነው) ነበር፤ በ2023 ግን 7545 ደርሷል። በዚያው ዓመት ከምት መነሻው እስከ 13ኛው ጉድጓድ ያለው ርቀት ከ510 ወደ 545 ያርድ የረዘመው ክለቡ ከጎረቤቱ መሬት መግዛት ስለቻለ ነው። ዙሪያቸውን በመንገድና በመኖሪያ ቤት የታጠሩ ነባር ሜዳዎች ወዴት ይስፉ? ቢሰፉስ የሚጠጣው ውኃና የሚታጨደው ሣር አብሮ ይጨምራል።

ሣር ማሳደግ በመጀመሪያ እይታ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን በ2020 በዊንግድ ፉት በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን ብራይሰን ዴሻምቦ በመጀመሪያ ምቱ ከ56 ፌርዌዮች (ሣራቸው አጭር ከታጨደ የመጫወቻ መስመሮች) ያገኘው 23ቱን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) 6 በታች ጨርሶ በ6 ምት ልዩነት አሸነፈ። ፌርዌዩ እጅግ ሲጠብ ሁሉም ሣር ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ርቆ የመታው ለግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ላለበት ለስላሳ ሣር፣ ስለሚቀርብ በአጭር ዱላ ኳሱን ከሣሩ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ከኋላው የቀረው ግን በረጅም ዱላ ሊያወጣው ሲሞክር ሣሩ ዱላውን ይይዝበታል። ስለዚህ ቅጣቱ የሚበረታው ሊጠቀም በታሰበው በአጭር መቺው ላይ ነው።

በ2013 የአሜሪካ ኦፕን የተካሄደበት የሜሪዮን ሜዳ ከ7000 ያርድ አንሶም ጀስቲን ሮዝ ያሸነፈው ከፓር 1 በላይ ሆኖ ነው የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው፤ አከብረዋለሁም። ሆኖም ሜዳን እንዲህ አክብዶ ማዘጋጀት ለአንድ ታላቅ ውድድር እንጂ ለየሳምንቱ የሚሆን አይደለም።

ገደብ ደግሞ ለጎልፍ እንግዳ አይደለም፤ ኳስን በጣም ለማራቅ የሚያገለግለው ዱላ፣ የድራይቨር ጭንቅላት ከ460 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲሜትር) እንዳይበልጥ ከተወሰነ ቆይቷል። የጨዋታው ሕግ አውጪዎች ዩኤስጂኤ እና አር ኤንድ ኤ በ2023 መጨረሻ ይፋ ያደረጉት ደንብ ኳስ በፍተሻ ሲመታ ሊያልፈው የማይገባውን የ317 ያርድ ጣሪያ ሳይነካ የመፈተሻውን የዱላ ፍጥነት በሰዓት ከ120 ወደ 125 ማይል ከፍ ያደርገዋል፤ በዚህም በጣም ርቀው የሚመቱት ከ13 እስከ 15 ያርድ፣ ለመዝናናት የሚጫወተው ደግሞ 5 ያርድ ወይም ከዚያ ያነሰ እንደሚያጡ ገምተዋል። ለባለሙያው ይህ ቅነሳ ትንሽ ነው ባይ ነኝ፤ ከዚህም በላይ ቢሆን እደግፋለሁ።

ከኳሱ ገደብ ጋር አብሮ እንዲሄድ የምጠቁመው የግሪን ዙሪያን አጭር አጭዶ መሬቱን ደረቅና ጠንካራ ማድረግ ነው፤ ፓይንኸርስት ቁጥር 2 የተባለው የአሜሪካ ሜዳ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በ2024 የአሜሪካ ኦፕን በዚያ ሲካሄድ፣ ያው ርቆ በመምታት የሚታወቀው ዴሻምቦ ዋንጫውን ያረጋገጠው በ18ኛው ጉድጓድ ከአሸዋ ውስጥ በመታት የ55 ያርድ ምት ነበር።