ዲፌንስ ደርሷል፣ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ እምቢ ይለኛል

እባካችሁ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ። በሚቀጥለው ወር የማስተርስ ጥናቴን ዲፌንድ አደርጋለሁ፤ ማለትም ፈታኞች ፊት አቅርቤ ጥያቄያቸውን እመልሳለሁ። ርዕሴ የቡና ፍሬ በሽታ ነው። ጥናቱን በደንብ አውቀዋለሁ። በሽታው በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ ወዲህ ያለውን ታሪክ፣ ፈንገሱ አረንጓዴውን ፍሬ እንዴት እንደሚያጠቁረው፣ ለጓደኛዬ ሳስረዳ አንድም ቦታ አልደናቀፍም።

ችግሩ ሰው ፊት ስቆም ነው። ዲፓርትመንት ውስጥ ለልምምድ ሳቀርብ አፌ ደረቀ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። የያዝኩት ወረቀት ሲንቀጠቀጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ስላይዱን ብቻ እያየሁ ጨረስኩት። ልቤ እንዲያ የሚመታው በአድሬናሊን ምክንያት እንደሆነ አንብቤያለሁ። ማወቄ ግን አላረጋጋኝም። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣት ትንሽ ይረዳኛል፤ መናገር ስጀምር ግን ያው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የጥያቄው ሰዓት ነው። ማቅረቡንስ መለማመድ ይቻላል። የውጭ ፈታኙ ምን እንደሚጠይቅ በምን አውቃለሁ? በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄ ሲመጣብኝ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ለማሰብ ትንሽ ዝም ብል መልሱን እንደማላውቅ ይቆጠርብኛል? ጥያቄውን ይድገሙልኝ ማለትስ ነውር ነው?

ደግሞ መግቢያውን ቃል በቃል ልሸምድደው ወይስ ነጥብ ነጥቡን ብቻ ልያዝ? ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ የቱ እንደሠራላችሁ ንገሩኝ። አይዞህ የሚለኝ ቤተሰብ አለኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። አሁን የምፈልገው ነገ ጠዋት ተነስቼ የምለማመደው ነገር ነው።